ፕሮፌሰር ናና ስቫርትዝ፦ ከአንጀት ባክቴሪያ ጥናት እስከ መገጣጠሚያ ሕክምና

ለመገጣጠሚያ ብግነት በሐኪም ከሚታዘዙ መድኃኒቶች አንዱ ሰልፋሳላዚን ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያካተተው ይህ መድኃኒት ከ80 ዓመታት በላይ አገልግሎት ሰጥቷል። ያስገኙት ስዊድናዊቷ ሐኪም ፕሮፌሰር ናና ስቫርትዝ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው በሰው አካል ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎችና በመገጣጠሚያ ሕመም መካከል ያለው ግንኙነት እንዴት ሲጠና እንደ ቆየ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናና ስቫርትዝ በ1890 ቬስቴሮስ በተባለች የስዊድን ከተማ ተወለዱ። ሕክምናን በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተምረው በዚያው ከተማ በሴራፊመር ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆነው አገለገሉ። በዚያ ዘመን የስዊድን ሴቶች በሐኪምነት መሥራት ቢችሉም የከፍተኛ መንግሥታዊ ሹመት በር ተዘግቶባቸው ነበር። ሴቶች ለእነዚህ የሥራ መደቦች እንዲወዳደሩ የፈቀደው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ1925 ነው። ናና ስቫርትዝ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ የዶክትሬት ጥናታቸውን አቀረቡ። የጥናቱ ርዕሰ ጉዳይ በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነበሩ። በ1937 ደግሞ በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ፤ በዚህም በስዊድን የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የፕሮፌሰርነት መንበር የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቁ።

በዚያን ጊዜ በሆስፒታል አልጋዎች ላይ ለወራት ይተኙ ከነበሩ ሕሙማን መካከል የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚዎች ይገኙበታል። ይህ በሽታ ኅብረተሰቡ በጥቅሉ ቁርጥማት ወይም ሪህ እያለ ከሚጠራቸው ሕመሞች አንዱ ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያዎች በማጥቃቱ የሚከሰት ነው። የእጅና የእግር ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ያብጣሉ፣ ይግላሉ፣ በጊዜ ካልታከሙም ቅርጻቸውን ያጣሉ። በ1930ዎቹ የአስፕሪን ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶች ሥቃዩን ያስታግሱ ነበር እንጂ የበሽታውን ግስጋሴ አያስቆሙም ነበር። ልብሱን መቆለፍ፣ እንጀራ መቁረስ ወይም እርሳስ መያዝ ላቃተው ሰው ይህ በቂ አልነበረም።

ፕሮፌሰር ስቫርትዝ የበሽታው መነሻ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። በወቅቱ የሰልፋ መድኃኒቶች ባክቴሪያን በመግታት አዲስ ተስፋ ፈጥረው ነበር። ችግሩ መድኃኒቱን ወደ ታመመው መገጣጠሚያ ሕብረ ሕዋስ እንዴት ማድረስ ይቻላል የሚለው ነበር። ፕሮፌሰሯ ባክቴሪያን የሚገታውን ሰልፋፒሪዲን ብግነትን ከሚቀንሰው የሳሊሲሊክ አሲድ ዝርያ ጋር በአንድ ኬሚካዊ ማሰሪያ የማጣመር ሐሳብ አመነጩ። ፋርማሲያ ከተባለው የስዊድን መድኃኒት አምራች ጋር በመተባበር ውህዱ ተሠራ፤ ሳላዞፒሪን የሚል የንግድ ስምም ተሰጠው። የሕክምና ውጤቱን በ1942 ለሙያው ዓለም አሳወቁ።

ውጤቱ ሁለት ገጽታ ነበረው። ከመገጣጠሚያ ታማሚዎቹ በርከት ያሉት መሻሻል አሳዩ። ከዚህም በላይ የትልቁ አንጀት ቁስለት የነበረባቸው ሕሙማን ተቅማጣቸውና የደም መፍሰሳቸው ቀነሰ። ለመገጣጠሚያ የታሰበው መድኃኒት የአንጀት ብግነት ዋና መድኃኒት ሆኖ በብዙ አገሮች ሥራ ላይ ዋለ።

በመገጣጠሚያ ሕክምና በኩል ግን መንገዱ ቀና አልሆነም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በስኮትላንድ ኤድንብራ የተደረገ ሙከራ መድኃኒቱ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ይህን ያህል እንደማይጠቅም ደመደመ። በዚያው ጊዜ ኮርቲሶን መጥቶ የሐኪሞችን ትኩረት ሁሉ ሳበ። ሰልፋሳላዚን ለ30 ዓመታት ያህል ከመገጣጠሚያ ሐኪሞች እይታ ራቀ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ በርሚንግሃም ሐኪሞች እንደገና ሲሞክሩት የብግነት ምልክቶችን እንደሚቀንስ አረጋገጡ። በተከታዮቹ ዓመታት የተካሄዱ ሰፋፊ ጥናቶችም ይህንኑ ስላጸኑ መድኃኒቱ የበሽታውን አካሄድ ከሚለውጡ መድኃኒቶች ተርታ ተሰለፈ።

መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚሠራበት መንገድም ፕሮፌሰሯ በወጣትነታቸው ካጠኗቸው የአንጀት ባክቴሪያዎች ጋር የተሳሰረ ሆኖ ተገኘ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች አንጀታቸው ምንም ባክቴሪያ እንዳይኖረው ተደርገው ባደጉ አይጦች ላይ ሲመረምሩ፣ የሁለቱ ንጥረ ነገሮች ማሰሪያ ሳይፈታ ቀረ። መደበኛ የአንጀት ባክቴሪያ ባላቸው አይጦች ግን ተፈታ። ሕመምተኛው የሚውጠውን ክኒን በትልቁ አንጀት ውስጥ ለሁለት ከፍለው ለሥራ የሚያዘጋጁት እነዚሁ ባክቴሪያዎች ናቸው ማለት ነው።

ፕሮፌሰር ስቫርትዝ በሽታው ከአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይመጣል የሚለውን አመለካከት እስከ እርጅናቸው አልተዉትም። በ1972፣ ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ መንስኤው በከብት ወተት የሚተላለፍ የስትሬፕቶኮከስ ዝርያ ነው ሲሉ ጽፈዋል። ይህ አልተረጋገጠም፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ ከሰው ወደ ሰውም ሆነ በወተት የሚተላለፍ በሽታ ተደርጎ አይወሰድም። ይሁን እንጂ ባክቴሪያና መገጣጠሚያ ግንኙነት አላቸው የሚለው መሠረታዊ ጥያቄያቸው አልሞተም። እንደ ሳልሞኔላና ሺጌላ ባሉ ተህዋስያን ከሚመጣ ተቅማጥ በኋላ መገጣጠሚያ ሊያብጥ እንደሚችል ይታወቃል። የድድ ኢንፌክሽንና ሩማቶይድ አርትራይተስ በአንድ ሰው ላይ በብዛት አብረው እንደሚታዩም ተስተውሏል። በ2013 በኒውዮርክ የተደረገ ጥናት ደግሞ በሽታው አዲስ በጀመራቸው ሰዎች አንጀት ውስጥ ፕሪቮቴላ ኮፕሪ የተባለው ባክቴሪያ በዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። እነዚህ ግኝቶች ዝምድናን ያመለክታሉ እንጂ አንድን ባክቴሪያ ብቸኛ መንስኤ አያደርጉም፤ የዘር ውርስና ሲጋራ ማጨስም ድርሻ አላቸው።

ፕሮፌሰሯ ከሕክምና ውጭም በአገራቸው ታሪክ ይታወሳሉ። በ1961 ለስብሰባ ወደ ሞስኮ በተጓዙ ጊዜ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በርካታ የሃንጋሪ አይሁዶችን አድኖ በሶቪየት እጅ ስለ ጠፋው ስዊድናዊ ዲፕሎማት ራኡል ዋለንበርግ አንድ ከፍተኛ የሶቪየት ሐኪምን ጠየቁ። የሰሙትን ምላሽ የዲፕሎማቱ በሕይወት መኖር ምልክት አድርገው በመረዳት ለስዊድን መንግሥት አስታወቁ። ሐኪሙ በኋላ ቢያስተባብሉም ፕሮፌሰሯ በምስክርነታቸው ጸኑ። ከፕሮፌሰርነት በ1957 በጡረታ ቢሰናበቱም ምርምራቸውን አላቋረጡም ነበር። በ1986 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከእኚህ ሐኪም ታሪክ ለተገልጋዮች የሚጠቅም ቁም ነገር ይገኛል። የመገጣጠሚያ እብጠት ከ6 ሳምንት በላይ የቆየበት፣ ወይም ጠዋት ሲነሳ እጆቹ ለ30 ደቂቃና ከዚያ በላይ አልታዘዝ የሚሉት ሰው ሕመሙን የእርጅና ወይም የብርድ ቁርጥማት ነው ብሎ መተው የለበትም። ሕክምናው ቀድሞ ሲጀመር መገጣጠሚያን ከዘላቂ ጉዳት ማዳን ይቻላልና በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ቶሎ መሄድ ይገባዋል። መገጣጠሚያው በድንገት አብጦ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ ደግሞ ባክቴሪያ በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት መታየት ያስፈልጋል።

የሕመሙ ታሪክ ከባክቴሪያ ጋር መያያዙ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ገዝቶ ለመዋጥ ምክንያት አይሆንም። ሰልፋሳላዚን የታዘዘለት ሰው የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለበት አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር፣ የታዘዘለትን የደምና የጉበት ምርመራ በቀጠሮው ማድረግ ይኖርበታል። መድኃኒቱ ውጤቱን ለማሳየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በጥቂት ቀናት አልተሻለኝም ብሎ ማቋረጥ አይገባም። የሽንት ቀለም ወደ ብርቱካናማ ቢለወጥ የሚያሰጋ አይደለም፤ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ቁስለት ወይም የቆዳ ሽፍታ ከታየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ታከሙበት ጤና ተቋም መመለስ ተገቢ ነው።