ስፓርክ ማትሱናጋ

ስፓርክ ማሳዩኪ ማትሱናጋ (ኦክቶበር 8 ቀን 1916 – ኤፕሪል 15 ቀን 1990 እ.ኤ.አ.) የሃዋይ ተወላጅ የሆኑ ጃፓናዊ-አሜሪካዊ ወታደር፣ የሕግ ባለሙያና ፖለቲከኛ ነበሩ። በዩናይትድ ስቴትስ ኮንግረስ ውስጥ ለ27 ዓመታት አገልግለዋል። ይበልጥ የሚታወቁት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለታሰሩት ጃፓናዊ-አሜሪካውያን ይቅርታና ካሳ የሰጠውን፣ ታሪኩም በመንግሥት ገንዘብ እንዲማር ያዘዘውን የ1988 ሕግ በማስጸደቃቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ማትሱናጋ የተወለዱት ካዋይ በተባለችው የሃዋይ ደሴት፣ ከጃፓን ከመጡ ድሃ ወላጆች ነው። አባታቸው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር። ስፓርክ የሚለው ስም በዘመኑ በጋዜጣ ይወጣ ከነበረ የካርቱን ፈረስ ስም የተወሰደ የልጅነት ቅጽል ሲሆን፣ በኋላ ሕጋዊ ስማቸው አደረጉት። በ1941 ከሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ሙያ ተመረቁ።

የጦርነቱ ዘመን

ማትሱናጋ በ1941፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከማጥቃቷ በፊት፣ በፈቃዳቸው ወደ አሜሪካ ጦር ገቡ። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትዕዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። በዚህ ትዕዛዝ መሠረት በአገሪቱ ምዕራባዊ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ 120 ሺህ ያህል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ያለ ክስና ያለ ፍርድ ከቤታቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ አብዛኞቹም በረሃማና ራቅ ባሉ ቦታዎች ወደ ተሠሩ 10 ካምፖች ተወሰዱ። ከእነርሱ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። በሃዋይ ግን የጃፓን ዘር ያለው ሕዝብ ከነዋሪው አንድ ሦስተኛ በላይ ስለነበረና ያለ እርሱ የደሴቶቹ ሥራ ስለሚቆም፣ የታሰሩት ከ2 ሺህ ያህል አልበለጡም።

ስለዚህ ማትሱናጋ ካምፕ ውስጥ አልኖሩም። በጃፓናዊ-አሜሪካውያን በተዋቀረው 100ኛው እግረኛ ሻለቃ ውስጥ ሆነው ጣልያን ውስጥ ተዋጉ፤ ሁለት ጊዜም ቆሰሉ። ከጦሩ በሻምበልነት ማዕረግ ከተሰናበቱ በኋላ በ1951 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቁ።

የኮንግረስ ሥራ

በሆኖሉሉ ዓቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎም የሃዋይ ግዛት ምክር ቤት አባል ሆነው ሠሩ። ከ1963 እስከ 1977 በዩናይትድ ስቴትስ የተወካዮች ምክር ቤት፣ ከ1977 እስከ ዕለተ ሞታቸው ደግሞ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሃዋይን ወክለዋል።

በ1950 የወጣ አንድ ሕግ፣ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ መንግሥት በስለላ ወይም በአሻጥር የሚጠረጥራቸውን ሰዎች እንዲያስር ይፈቅድ ነበር። ማትሱናጋ ይህ አንቀጽ የ1942ቱን እስራት ሊደግም ይችላል ብለው በተወካዮች ምክር ቤት በኩል የመሻሪያውን ጥረት መሩ፤ አንቀጹም በ1971 ተሻረ። የአሜሪካ የሰላም ተቋም በ1984 እንዲመሠረትም ብዙ ደክመዋል።

የ1988 ሕግ

ኮንግረስ በ1980 ስለ እስራቱ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ከ750 በላይ ምስክሮችን ሰምቶ፣ እስራቱ በወታደራዊ አስፈላጊነት ሳይሆን በዘር ጥላቻ፣ በጦርነት ድንጋጤና በፖለቲካ መሪዎች ድክመት የተፈጸመ መሆኑን ደመደመ። በ1983 ባወጣው የመፍትሔ ሐሳብም ካሳ እንዲከፈልና ለትምህርትና ለምርምር የሚውል ገንዘብ እንዲመደብ ጠየቀ።

ማትሱናጋ በ1987 ረቂቁን ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አቅርበው፣ የምክር ቤት አባላትን አንድ በአንድ እያነጋገሩ ከ70 በላይ ደጋፊ ፈራሚዎችን አሰባሰቡ። ምክር ቤቱ በኤፕሪል 20 ቀን 1988 በ69 ድጋፍና በ27 ተቃውሞ አጸደቀው፤ ፕሬዚዳንት ሬገንም በኦገስት 10 ፈረሙበት። ሕጉ በአገሪቱ ስም ይቅርታ ጠየቀ፤ በሕይወት ለሚገኝ ለእያንዳንዱ እስረኛ 20 ሺህ ዶላር ፈቀደ፤ ታሪኩን ለሕዝብ ለማስተማርም የትምህርት ፈንድ አቋቋመ።

የትምህርት ገንዘቡ ዕጣ

ካሳውና የትምህርት ሥራው የሚከፈሉት ከዚሁ ከአንዱ ፈንድ ነበር። ለትምህርቱ እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ታስቦ ነበር። ሆኖም ሕጉ ሲወጣ በሕይወት ያሉት እስረኞች 60 ሺህ ያህል እንደሆኑ ቢገመትም፣ በመጨረሻ ካሳ የተቀበሉት 82,219 ሆኑ። ሽማግሌዎቹ ሳይሞቱ ካሳቸውን እንዲያገኙ ቅድሚያ ስለተሰጠ፣ ለትምህርቱ የተረፈው 5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። የፈንዱ ቦርድ በ1997 ከ100 ለሚበልጡ ሥራዎች ድጎማ ሰጠ፤ ከእነዚህም መካከል የመማሪያ ጽሑፎች፣ ጥናቶች፣ ፊልሞችና ዐውደ ርእዮች ይገኙበታል።

የፌዴራሉ ፈንድ ዕድሜው አጭር ቢሆንም ሐሳቡ ግን ቀጠለ። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በ1998 የራሱን ሕግ አውጥቶ በክፍለ ግዛቱ ቤተ መጻሕፍት በኩል ድጎማ መስጠት ጀመረ። በ2006 የወጣ የፌዴራል ሕግም የእስር ቦታዎቹን ለመጠበቅና ታሪካቸውን ለማስተማር እስከ 38 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ይህንንም የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ድጎማ የሚያገኙት ድርጅቶች ከመንግሥት ለሚሰጣቸው ለየሁለት ዶላሩ አንድ ዶላር ከራሳቸው እንዲያዋጡ ይጠበቅባቸዋል።

ሞትና መታሰቢያ

ማትሱናጋ በካንሰር ታመው በቶሮንቶ፣ ካናዳ፣ በ73 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩት በሆኖሉሉ በሚገኘው ብሔራዊ የወታደሮች መካነ መቃብር ነው። የመጀመሪያዎቹ የካሳ ክፍያዎችና የይቅርታ ደብዳቤዎች በኦክቶበር 1990፣ እርሳቸው ከሞቱ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ፣ በዕድሜ ለገፉት ተረጂዎች ተሰጡ። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሰላም ጥናት ተቋም በስማቸው ይጠራል።