የቤብ ሩት ዱላ

አንድ አሮጌ የእንጨት ዱላ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ ቢሏችሁ ታምናላችሁን? እኔም በመጀመሪያ አላመንሁም ነበር። ነገሩን ስመረምር ግን ከዱላው ይልቅ የባለቤቱ ታሪክ ልቤን ስለ ነካው፣ ለመጽሔታችን ላቀርበው ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጅ ሄርማን ሩት፣ ኋላ ቤብ የተባለው፣ በ1895 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ተወለደ። አባቱ መጠጥ ቤት ነበራቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት እየቀረ በየመንገዱ ስለሚውልና ስላስቸገረ፣ በ1902 ዓ.ም. ገና የ7 ዓመት ሕፃን ሳለ ቅድስት ማርያም ለተባለ የወንዶች የሙያ ትምህርት ቤት ተሰጠ። በዚያ ሸሚዝ መስፋት ተማረ። ወንድም ማትያስ የተባሉ ካቶሊካዊ መምህር ደግሞ ቤዝቦል አስተማሩት። ቤዝቦል አንዱ የወረወረውን ኳስ ሌላው በዱላ መትቶ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው።

በ1914 ዓ.ም. ደመወዝተኛ ተጫዋች ሆኖ ከትምህርት ቤቱ ወጣ፤ በዚያው ዓመትም ወደ ቦስተን ተዛውሮ በኳስ ወርዋሪነት ታወቀ። በ1920 ዓ.ም. ለኒውዮርክ ያንኪስ ሲጫወት 54 ጊዜ ኳሱን ከአጥር አሻግሮ መታ። ያሳደገው ትምህርት ቤት በ1919 ዓ.ም. ተቃጥሎ ስለ ነበር፣ የተማሪዎቹ የሙዚቃ ጓድ ከእርሱ ቡድን ጋር እየዞረ ለማሠሪያ ገንዘብ እንዲሰበስብ ረዳ። በ1927 ዓ.ም. 60 ጊዜ፣ በጠቅላላው ዘመኑ 714 ጊዜ እንዲሁ መታ።

ዱላዎቹ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. ከያዛቸው በአንዱ ላይ ኳስ ባሻገረ ቁጥር ምልክት ይቀርጽ ነበር፤ በሉዊቪል ከተማ ሙዚየም ያለው ይህ ዱላ 21 ምልክቶች አሉበት። በ1923 ዓ.ም. የያንኪ ስታዲየም ሲከፈት የመጀመሪያውን ኳስ ያሻገረበትን ዱላ ግን፣ በሎስ አንጀለስ የተማሪዎች ውድድር ላሸነፈ ልጅ ሸለመው። በ2004 ዓ.ም. በጨረታ 1,265,000 ዶላር ያወጣው ይህ ነው። ሰብሳቢዎች የሚሹት አዲስና የሚያብረቀርቅ ዱላ አይደለም፤ ኳስ ያረፈበትን ጠባሳና የእጅ መያዣውን መዳጥ ይመረምራሉ፤ ርዝመቱንና ክብደቱንም ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ያስተያያሉ። ጨዋታ ያላየ ዱላ ዋጋው ጥቂት ነው።

በሰኔ 1948 ዓ.ም. ሩት በጽኑ ታሞ ወደዚያው ስታዲየም መጣ። መቆም ስላቃተው የሌላ ተጫዋች፣ የቦብ ፌለርን ዱላ ተደግፎ ሕዝቡን ተሰናበተ። በነሐሴ ወር በ53 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህን የምጽፍ እኔ ባለፈው ዓመት ክፍል የደገምሁ ተማሪ ነኝ። ከእርሱ ምንም አይወጣም ያሉ ነበሩ፤ አባቴም ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከሰው ወሬ ይልቅ አመመኝ። አንድ መምህር ግን በየማታው ሒሳብ እያስጠኑኝ ዘንድሮ አለፍሁ። ስለዚህ የሩትን ታሪክ ሳነብ ከ714ቱ ይልቅ ያስደነቁኝ ወንድም ማትያስ ናቸው። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ሆይ፤ ጠባሳ ያለበትን ልጅ አትጣሉ፤ እኛም ጓደኞቼ፣ ላሳደገን ትምህርት ቤት ውለታውን እንመልስ።