ሲኒማን ትቶ እርምጃን የመረጠው ሐኪም

ባለፈው ዓመት ጉልበቴን አመመኝ። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ የመጣ ነገር ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ስልኬን ተቀበለችኝና ስራመድ ቀረጸችኝ። ቪዲዮውን በዝግታ ስታሳየኝ ቀኝ ጉልበቴ በየእርምጃው ወደ ውስጥ ጎበጥ ይላል። ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ እግር ስሄድ አንድም ቀን አላየሁትም!

ማታ ነገሩን ስጎረጉር አንድ ፈረንሳዊ ጋ ደረስኩ፤ ኤቲየን ዡል ማሬ ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ማሬ በ1830 ቦን በምትባል የወይን ጠጅ ከተማ ተወለደ። እሱ የሚፈልገው መሃንዲስ መሆን ነበር፤ አባቱ ግን ሐኪም ሁን አሉት። ሐኪም ሆነ፤ መሃንዲስነቱን ግን አልተወም። በ1860 የደም ሥር ትርታን በወረቀት ላይ በመስመር የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። ቀጥሎ ፈረስ ኮቴ ሥር አየር የተሞላ ጎማ አስሮ እያንዳንዱ እግር መቼ መሬት እንደሚነካ መዘገበ።

በ1878 ሙይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎች ደርድሮ የሚሮጥ ፈረስ አነሳ። ማሬ ፎቶዎቹን ሲያይ ተደነቀ፤ ግን እሱ የፈለገው መለካት ነው። ለመለካት ደግሞ ከአንድ ቦታ፣ በእኩል የጊዜ ልዩነት ማንሳት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ1882 በሰከንድ 12 ፎቶ የሚያነሳ፣ እንደ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ተደግፎ የሚያዝ ካሜራ ሠራ። የተኮሰው ወፎች ላይ ነው፤ የሞተ ወፍ ግን የለም።

በዚያው ዓመት ፓሪስ ዳር፣ ቧ ደ ቡሎኝ አካባቢ፣ የመሮጫ መም ያለው የምርምር ጣቢያ ተከፈተለት። እዚህ ላይ ችግር ገጠመው። የአንድን ሯጭ ብዙ ፎቶ በአንድ መስታወት ላይ ሲያነሳ ምስሎቹ ተደራርበው ይዘበራረቃሉ። መፍትሔው ቀላል ነበር። ሰውየውን ሙሉ ጥቁር አለበሰው፤ በእጅና በእግሩ ላይ ነጭ መስመር፣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነጭ ነጥብ አደረገ፤ ከዚያ በጥቁር ግድግዳ ፊት አስሮጠው። ሰውየው ጠፋ፤ እንቅስቃሴው ብቻ ቀረ።

ይሄ የት እንዳያችሁት አስታወሳችሁ? የምትጫወቱት የእግር ኳስ ጌም ከጀርባው ሲታይ፣ ጠባብ ጥቁር ልብስ ላይ ትንንሽ ኳሶች የለጠፉ ተጫዋቾች። ሞሽን ካፕቸር ማለት እኮ እሱ ነው። ካሜራዎቹ የኳሶቹን ቦታ ይከተላሉ፤ ኮምፒውተሩ አጽሙን ይገጣጥማል። አኒሜሽን የሚሠራበት ይኸው መሣሪያ ባዮሜካኒክስ ላብራቶሪ ውስጥ የጉልበትን ማዕዘን ይለካል። የእግርን ግፊት የሚለካ ሰሌዳ ከሥር ይጨመራል፤ እሱንም የማሬ ጣቢያ ሞክሮታል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ማሬ ዦርዥ ደምኒ የሚባል ረዳት ነበረው። ደምኒ ምስሎቹን መልሶ አንቀሳቅሶ ለሕዝብ ማሳየትና መሸጥ ፈለገ። ማሬ አልተዋጠለትም። ዓይን አስቀድሞ የሚያየውን መድገም ለእሱ ጥቅም የለውም፤ የሚፈልገው ዓይን የማያየውን ነው። በ1894 ተለያዩ። በዚያው ዓመት ማሬ ተገልብጣ የምትለቀቅ ድመት አየር ላይ እንዴት ዞራ በእግሯ እንደምታርፍ ደረጃ በደረጃ አሳየ። በዓመቱ የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ቲኬት ቆርጠው ፊልም አሳዩ። ገንዘቡና ዝናው ወደዚያ ሄደ። ማሬ በ1904 ፓሪስ ውስጥ ሞተ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚባል ነገር አለ፤ አንዱን ስትመርጥ የተውከው የሌላው ዋጋ ማለት ነው። በዚያ ሂሳብ ማሬ ከስሯል፤ ሲኒማን የሚያህል ገበያ አልፎታል። እኔም በየወሩ የቤት ኪራይ ስከፍል ደምኒን አልፈርድበትም፤ ሥራህን ሸጠህ መብላት ነውር አይደለም።

ግን ሂሳቡ የሚዘጋው መቼ ነው? ማሬ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የፊልምና የጌም ኩባንያዎች ዛሬ ጥቁር ልብስና ነጥብ ይዘው የሚሠሩት እሱ በቀየሰው ዘዴ ነው። እኔ ደግሞ ቲኬት ሳልቆርጥ ጉልበቴን አየሁ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን የዳሌ ጡንቻ ስፖርት እሠራለሁ፤ ደረጃውን ቀስ ብዬ እወጣለሁ።