የአንዲት ቃል ትርጉም
ፍሬድሪክ ዳግላስና የጋዜጣ ትምህርቱ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። ያላወቀውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ቢፈልግ፣ መዝገቡ ቃሉን በወንድሙ ይፈታለታል፤ ወንድሙን ቢፈልግ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ተማሪውም ፍቺውን በቃሉ ይይዘዋል እንጂ ነገሩ አይገባውም። ዛሬ ሕይወቱን የምንተርክለት ጥቁር አሜሪካዊ ፍሬድሪክ ዳግላስ ይኸው ችግር ደርሶበት ነበር፤ ልዩነቱ እሱ የፈለጋት ቃል የገዛ ነፃነቱን የያዘች መሆኗ ነው።

ዳግላስ የተወለደው በሜሪላንድ ግዛት፣ በታልቦት አውራጃ፣ በ1818 ነው (እዚህ የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። እናቱ ሃሪየት ቤይሊ ባሪያ ስለ ነበረች፣ እሱም ከተወለደ ጀምሮ የሰው ንብረት ሆኖ ተቆጠረ። የተወለደበትን ቀን የሚነግረው አልነበረም። ያሳደገችው አያቱ ናት፤ እናቱ በሌላ እርሻ ትሠራ ስለ ነበር ያያት ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እሷም ገና ልጅ ሳለ ሞተችበት።

በ1826 ወደ ባልቲሞር ከተማ ተልኮ በሂዩ ኦልድ ቤት ሕፃን ጠባቂና ተላላኪ ሆነ። የቤቱ እመቤት ሶፊያ ፊደል ታስቆጥረው ጀመር፤ ሦስትና አራት ፊደል ያላቸውንም ቃላት አስተማረችው። ባሏ ይህን በሰማ ጊዜ ተቆጥቶ ከለከላት፤ ማንበብ የቻለ ባሪያ ለባርነት እንደማይመች በልጁ ፊት አስረዳት። ዳግላስ ከዚህ ቍጣ ትልቅ ትምህርት አገኘ። ጌታው ይህን ያህል የሚፈራው ነገር፣ ለባሪያው የነፃነት መንገድ መሆኑን ተረዳ።

ከዚያ ወዲያ አስተማሪዎቹ የሰፈሩ ድኾች የነጭ ልጆች ሆኑ። ሲላክ የዌብስተርን የፊደል መጽሐፍ በኪሱ ይዞ ይወጣል፤ በጌታው ቤት ዳቦ አይጠፋም ነበርና፣ ለተራቡት ልጆች ዳቦ እየሰጠ በለውጡ ንባብ ይቀበላል። ጽሕፈትን የጀመረው መርከብ ከሚሠራበት ስፍራ ነው። አናጢዎቹ የጠረቡት እንጨት በየትኛው ወገን እንደሚገባ ለመለየት፣ ለግራው ጎን ኤል፣ ለቀኙ ኤስ የሚባለውን ፊደል ይጽፉበት ነበር። ዳግላስ እነዚህን አይቶ ገለበጠ። ከዚያም መጻፍ የሚችል ልጅ ባገኘ ቍጥር፣ እኔም እንዳንተ እጽፋለሁ እያለ ይፎካከረዋል፤ ያ ልጅ ሊበልጠው ሲጽፍ እሱ አዲስ ፊደል ይማርበታል። ሰሌዳው አጥርና የመንገድ ንጣፍ፣ ብዕሩም ጠመኔ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ጫማ ጠርጎ ባገኘው 50 ሳንቲም፣ ኮሎምቢያን ኦሬተር የተባለውን የንግግር መማሪያ መጽሐፍ ገዛ።

በዚህ ጊዜ ነው አቦሊሽን የምትባለዋ ቃል ያሳሰበችው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ቢሆንም፣ ይህች ቃል ግን ባዕድ ሆነችበት። አንድ ባሪያ ሲጠፋ፣ ወይም ጎተራ ሲቃጠል፣ ወይም ጌታ በባሪያው እጅ ሲሞት፣ ነጮቹ ይህ የአቦሊሽን ፍሬ ነው ሲሉ ይሰማል። ቃሏ ጌቶቹን እንደምታስቈጣ ዐወቀ፤ ለእሱ ወገን ጥሩ ሳትሆን እንዳልቀረችም ጠረጠረ። መዝገበ ቃላት ቢገልጥ የመሻር ሥራ መሆኗን አነበበ። የሚሻረው ምን እንደሆነ ግን መዝገቡ አልነገረውም። ሰው እንዳይጠይቅ ፈራ፤ ይህችን ቃል የሚጠይቅ ባሪያ መጠርጠሩ አይቀርምና።

መልሱን ያገኘው ከባልቲሞር ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ከሰሜን ግዛቶች ብዙ አቤቱታ ለኮንግሬስ መቅረቡን ይናገራል፤ የአቤቱታውም ጉዳይ በዋና ከተማው በዋሽንግተን ክልል ባርነት፣ በግዛቶችም መካከል የባሪያ ንግድ እንዲሻር ነበር። አሁን ዓረፍተ ነገሩ ሁሉን ነገረው። የሚሻረው ባርነት ነው፤ እንዲሻር የሚጠይቁትም ነጮች ጭምር ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል በሰማ ቍጥር ቀርቦ ያዳምጥ ነበር።

ቀሪውን ታሪኩን ባጭሩ እናልፋለን። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1838 መርከበኛ መስሎ፣ የሌላ ሰው ወረቀት ይዞ በባቡር ተሳፈረና አምልጦ ኒውዮርክ ገባ። በማሳቹሴትስ ግዛት ኑሮውን እንደ ጀመረ፣ ስለ ባርነት መሻር የሚከራከረውን ሊበሬተር የተባለውን ጋዜጣ በየሳምንቱ ያነብ ነበር። በ1841 በአደባባይ ተናጋሪ ሆነ፤ በ1845 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ በ1846 የእንግሊዝ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ነፃነቱን ገዙለት። በዲሴምበር 1847 በሮቸስተር ከተማ የራሱን ጋዜጣ ኖርዝ ስታርን አቋቋመ። ከጋዜጣ ትርጉም የለመነው ልጅ ለሌሎች ትርጉም ሰጪ ሆነ።

በልጅነቱ ያነበበው አቤቱታ ኤፕሪል 16 ቀን 1862 በዋሽንግተን ክልል ተፈጸመ፤ በ1865 መጨረሻ ባርነት በመላው አሜሪካ በሕገ መንግሥቱ ተሻረ። በ1877 ዳግላስ የዚያው ክልል ማርሻል ሆኖ ተሾመ፤ ከ1889 እስከ 1891 በሃይቲ የአገሩ መልክተኛ ነበር። በዋሽንግተን ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1895 ሞተ።

ከዚህ ሕይወት ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች የሚተርፍ ነገር አለ። የራሳችንን ቃል ሻረ የሚለውን እንመልከት። ሹም ይሻራል፤ ሕግ ይሻራል፤ ጾም ይሻራል፤ ቍስልም ይሽራል። ከነዚህ የትኛው እንደሆነ የሚለየው አብሮት የመጣው ስም ነው። የእንግሊዝኛው አቦሊሽም እንዲሁ ነው፤ በጋዜጣ ላይ ከሕግ፣ ከግብር፣ ከሞት ቅጣት ጋር ይገኛል እንጂ ከቤትና ከግንብ ጋር አይገኝም፤ ግንብ ለማፍረስ እንግሊዞች ዲሞሊሽ የሚል ሌላ ቃል አላቸው። መዝገበ ቃላት የቃሉን ዘር ያሳያል፤ ማን፣ በምን ላይ፣ ለምን እንደሚጠቀምበት የሚያሳየው ግን የዕለቱ ወሬ ነው። ስለዚህ አዲስ ቃል ያገኘ ተማሪ ፍቺውን ከመዝገቡ ጽፎ ደብተሩን አይዝጋ። ቃሉ የገባባቸውን ሁለትና ሦስት የጋዜጣ ዓረፍተ ነገሮች ከሥሩ ይጨምርበት። ዳግላስ ተደብቆ ያነበበውን ጋዜጣ እኛ በግልጽ ዘርግተን እናነበዋለን።