አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፤ ፔኒሲሊንን ያገኘው ሐኪም

ፔኒሲሊን ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ይህን መድኃኒት ያገኘው ሰው ግን ስለ አወሳሰዱም ብርቱ ማስጠንቀቂያ ትቶልን አልፏል።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1881 በስኮትላንድ ገጠር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የሞቱት እርሱ የ7 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በ13 ዓመቱ መንደሩን ትቶ ወንድሙ ወደሚኖርበት ወደ ለንደን ሄደ። ጥቂት ከተማረ በኋላ በአንድ የመርከብ ድርጅት በጸሐፊነት 4 ዓመት ሠራ። አጎቱ ሲሞቱ ባወረሱት ገንዘብ በ1901 ሕክምና መማር ጀመረ፤ በ1906ም ሐኪም ሆነ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ አገር ቁስለኞችን ሲያክም፣ ብዙ ወታደሮች ቁስላቸው እያመረቀዘ ሲሞቱ አየ። የዚያን ጊዜው የጀርም ማጥፊያ ወደ ጥልቅ ቁስል አይደርስም፤ ጤነኛውንም ሥጋ ይጎዳ ነበር። ስለዚህ ሰውን ሳይጎዳ ጀርምን የሚገድል ነገር መፈለግ ያዘ።

በመስከረም 1928 ከዕረፍት ሲመለስ፣ ጀርም ካሳደገባቸው ሳህኖች በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሎ አገኘ። በሻጋታው ዙሪያ የነበሩት ጀርሞች ሞተዋል። ከሻጋታው የሚወጣውን ነገር ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው፤ ነገር ግን አጣርቶ መድኃኒት ሊያደርገው አልቻለም። ይህን የፈጸሙት ከ10 ዓመት በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፍሎሪ፣ ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

በ1941 እነዚህ ሰዎች ፊቱ በጀርም የተመረዘ አንድ ፖሊስ በፔኒሲሊን ማከም ጀመሩ። በሽተኛው ትኩሳቱ በረደ፣ ምግብም መብላት ጀመረ። መድኃኒቱ ግን ጥቂት ስለነበረ ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው እስከ መስጠት ደረሱ። በመጨረሻ አለቀ፤ በሽታው አገረሸና ሰውየው ሞተ። የተሻለው ሰው ሁሉ ድኗል ማለት አይደለም።

በ1945 ሦስቱ ሊቃውንት የኖቤልን ሽልማት ሲቀበሉ ፍሌሚንግ ደስታውን ብቻ አልተናገረም። ጉሮሮውን ያመመው ሰው ፔኒሲሊን ራሱ ገዝቶ ጥቂት ብቻ ቢወስድ፣ ያልሞቱት ጀርሞች መድኃኒቱን ይለማመዳሉ፤ ወደ ሚስቱ ቢተላለፉም መድኃኒቱ ሊያድናት አይችልም ሲል በምሳሌ አስጠነቀቀ። ፍሌሚንግ በ1955 በለንደን አረፈ፤ ማስጠንቀቂያው ግን ዛሬ በዓለም ዙሪያ እውነት ሆኗል።

ለእኛ ለጀሪፍ ስደተኞችም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በስደት ገንዘብ ያጥራል፤ ስለዚህ የተረፈ ክኒን ለልጅ ማስቀመጥ ወይም ለጎረቤት ማካፈል ደግነት ይመስላል። ነገር ግን መድኃኒቱን የሚለምደው ጀርሙ ነው፤ የለመደውም ጀርም ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። እንግዲህ፦

አንደኛ፣ ሐኪም ሳያዝ አትውሰዱ፤ ጉንፋን በቫይረስ ስለሚመጣ እነዚህ መድኃኒቶች አያድኑትም።
ሁለተኛ፣ ተሻለኝ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ መጠኑንና ሰዓቱን ጠብቁ።
ሦስተኛ፣ ፔኒሲሊን ከዚህ በፊት አሳክኮት ወይም ፊቱን አሳብጦት የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።
አራተኛ፣ ቴትራሳይክሊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፤ የልጁን ጥርስ ያበላሻል።
አምስተኛ፣ የካፕሱል ዱቄት ቁስል ላይ አትነስንሱ፤ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

ተማሪዎች፣ ይህን ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችሁና ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።