ፋውስቲና፦ መልኳ በዲናር ላይ የቀረ ንግሥት

አኒያ ጋሌሪያ ፋውስቲና እ.ኤ.አ. በ100 ገደማ ከታላቅ የሮማ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ማርኩስ አኒዩስ ቬሩስ ሦስት ጊዜ ቆንስል ለመሆን የበቃ ሰው ነበር። አንቶኒኑስን አግብታ አራት ልጆች ብትወልድም፣ ባለቤቷ እ.ኤ.አ. በ138 በሐድርያኑስ ዙፋን ሲቀመጥ በስሟ የምትጠራው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ቀርታላት ነበር። ሴኔቱ አውግስታ የሚለውን ማዕረግ ሰጣት፤ ይሁን እንጂ ባሏ በነገሠ በ3ኛው ዓመት ዐረፈች።

ሴኔቱም ከአማልክት ተርታ እንድትቆጠር ወሰነ። ካሊጉላ እ.ኤ.አ. በ38 ለእኅቱ ለድሩሲላ ይህንኑ ክብር ካሰጠ ወዲህ ነገሩ ለሮማውያን እንግዳ አልነበረም። አንቶኒኑስ ግን ከቀደሙት ሁሉ አልፎ ሄደ። እርሱ እ.ኤ.አ. በ161 እስኪሞት ድረስ፣ ለ20 ዓመታት ያህል የሟቿ መልክ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ላይ ሲመታ ኖረ።

ከእነዚህ ሁሉ መልኳን ከሩቅ ያደረሰው ዲናር ነው። በወንጌል የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ሆኖ የተጠቀሰው ይህ የብር ገንዘብ ክብደቱ ከ3 ግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው። ብሩ ምስል በተቀረጸባቸው ሁለት ማኅተሞች መካከል ተደርጎ በመዶሻ ይመታል። በአንዱ ገጽ ጠጉሯ ተጎንጉኖ በአናቷ ላይ የተጠቀለለ ፋውስቲና ትታያለች፤ በሌላው የእህል አምላክ ኬሬስ፣ ጣዎስ ወይም የራሷ ቤተ መቅደስ ይገኛል። በዚያ ዘመን አንድ እግረኛ ወታደር በዓመት 300 ዲናር ይከፈለው ስለነበር፣ የንግሥቲቱ መልክ ከደመወዙ ጋር ከብሪታንያ እስከ ሶርያ ተጓዘ።

ይህ ሁሉ የባል ሐዘን ብቻ አልነበረም። አልጋ ወራሹ ማርኩስ አውሬሊዩስ የወንድሟ ልጅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ145 ልጇን አገባ። ስለዚህ የእርሷ መክበር የመጪውንም መንግሥት መሠረት ያጸና ነበር።

ቢሆንም አንቶኒኑስ መታሰቢያዋን በምስልና በድንጋይ ብቻ አልወሰነውም። በስሟ ለድሆች ሴቶች ልጆች ማሳደጊያ የሚሆን ድርጎ አቆመ፤ ልጆቹም የፋውስቲና ልጃገረዶች ተባሉ፤ ይኸው ስማቸው በዲናር ላይ ተጻፈ።

ቁመታቸው 17 ሜትር ያህል የሆነው የቤተ መቅደሷ 10 ዓምዶች፣ ሕንፃው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ በሮማ አደባባይ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ዲናሮቿም በጥንቱ ግዛት ምድር ከየተቀበሩበት እየወጡ፣ ከ3 ዓመት ላነሰ ጊዜ ብቻ የነገሥታት ሚስት ሆና የኖረችውን ሴት መልክ ዛሬም ያሳያሉ።