ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊና የአዕዋፍ የዘር ሐረግ ጥያቄ

አዕዋፍ ከዳይኖሰሮች ወገን መገኘታቸው ዛሬ በሥነ ሕይወት ትምህርት በሰፊው ተቀባይነት ያለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡን በአጥንት ማስረጃ አደራጅተው ካቀረቡት ቀደምት ተመራማሪዎች ዋነኛው እንግሊዛዊው ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ ነበር። የሥራው ታሪክ አንድ ሳይንሳዊ ድምዳሜ በምን እንደሚጸና፣ በምን ምክንያትም ለጊዜው ሊወድቅ እንደሚችል ያሳያል።

ሀክስሊ እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1825 ለንደን አቅራቢያ በምትገኘው ኢሊንግ ተወለደ። አባቱ የሒሳብ መምህር ቢሆኑም፣ ልጃቸው በመደበኛ ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ቀሪውን ዕውቀት በንባብ አካበተ፤ ጀርመንኛንም በራሱ ጥረት ተማረ። በለንደን ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል በነፃ የትምህርት ዕድል ሕክምና ካጠና በኋላ፣ በ1846 ራትልስኔክ በተባለችው የጦር መርከብ ረዳት ሐኪም ሆኖ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒው ጊኒ ባሕሮች ተጓዘ። በአራት ዓመቱ ጉዞ ጄሊፊሽንና መሰል የባሕር እንስሳትን እየበለተ መረመረ፤ ሰውነታቸው በሁለት ንጣፎች የተገነባ መሆኑንም አሳየ። በ1851 የለንደን ንጉሣዊ ማኅበር አባል ሆኖ ሲመረጥ ዕድሜው 26 ዓመት ነበር። በ1854 በመንግሥታዊው የማዕድን ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጠረ። ቀድሞ ለቅሪተ አካል ብዙም ግድ ያልነበረው ሰው በሥራው ግዴታ ወደዚያ ጥናት ገባ።

ቻርለስ ዳርዊን በ1859 የዝግመተ ለውጥን ንድፈ ሐሳብ ባሳተመ ጊዜ ሀክስሊ ከዋነኞቹ ተከላካዮች አንዱ ሆነ። በ1860 በኦክስፎርድ ከጳጳሱ ሳሙኤል ዊልበርፎርስ ጋር ያደረገው ክርክር እስከ ዛሬ ይነሣል። ይሁን እንጂ የንድፈ ሐሳቡ ትልቁ ፈተና በንግግር የሚመለስ አልነበረም። ሕይወት ያላቸው ነገሮች ከጋራ ምንጭ የተገኙ ከሆነ፣ ላባ የለበሰችውንና ደመ ሞቃት የሆነችውን ወፍ ከገበሎ አስተኔዎች ጋር የሚያገናኛት ፍጡር የት አለ?

በ1861 በጀርመን ባቫሪያ፣ በዞልንሆፈን የኖራ ድንጋይ ውስጥ፣ ላባና ረጅም አጥንታም ጅራት ያለው አርኪዮፕተሪክስ ተገኘ። ዐፅሙን የብሪታንያ ሙዚየም ገዛው፤ በዘመኑ ታላቅ ዝና የነበረው የሥነ አካል ሊቅ ሪቻርድ ኦወንም በ1863 መግለጫውን አሳትሞ ፍጡሩን ከወፍ ወገን መደበው። ሀክስሊ በ1868 ዐፅሙን እንደገና ሲመረምር፣ ኦወን ቀኝና ግራውን አቀያይጦ እንዳነበበ አመለከተ። ፍጡሩ ወፍ መሆኑን ግን ተቀበለ። ከዚህ ቀጥሎ የቀረው ጥያቄ ከገበሎ አስተኔዎች መካከል ወደ ወፍ ይበልጥ የሚቀርበው የትኛው ነው የሚለው ነበር።

መልሱን ያገኘው በዳይኖሰሮች ዳሌና የኋላ እግር ላይ ነው። በኦክስፎርድ ሙዚየም ከጂኦሎጂ ምሁሩ ጆን ፊሊፕስ ጋር የሜጋሎሳውረስን አጥንቶች ሲመለከት፣ የትከሻ ክፍል ተብሎ የተመደበው አጥንት የዳሌ አጥንት መሆኑን ተገነዘበ፤ ቅርፁም የወፍን ዳሌ የሚያስታውስ ነበር። ቀጥሎም በባቫሪያ የተገኘውን፣ ከዶሮ እምብዛም የማይበልጠውን ኮምፕሶግናተስን አነጻጸረ። ይህ ዳይኖሰር በሁለት እግሩ የሚሄድ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱም ከወፍ ጋር ይመሳሰላል። በአዋቂ ወፍ የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ከቅልጥሙ ጋር ስለሚዋሐዱ ንጽጽሩ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሀክስሊ ገና ያልተፈለፈለ የዶሮ ጫጩትን እግር መረመረ። በጫጩቱ አጥንቶቹ ገና ስላልተዋሐዱ ከዳይኖሰር አጥንቶች ጋር አንድ በአንድ ሊተያዩ ቻሉ። ይህን ማስረጃ ከ1868 እስከ 1870 ባሉት ዓመታት ባሳተማቸው ጽሑፎች አቀረበ።

ሀክስሊ ማስረጃው ከሚፈቅድለት አላለፈም። በእጁ የነበሩት ዳይኖሰሮችም ሆኑ አርኪዮፕተሪክስ የዛሬ ወፎች ቀጥተኛ ቅድመ አያቶች ናቸው አላለም፤ የሽግግሩን አቅጣጫ የሚጠቁሙ ዘመዶች አድርጎ ቆጠራቸው። ሃሪ ሲሊ የተባለው ምሁር በበኩሉ ተመሳሳይነቱ በዝምድና ሳይሆን በተመሳሳይ አካሄድ ሊመጣ ይችላል ሲል ተከራከረ። በ1876 ሀክስሊ አሜሪካን ጎብኝቶ የኦትኒየል ማርሽን የቅሪተ አካል ስብስብ ተመለከተ፤ በኒው ዮርክ ባደረጋቸው ንግግሮችም ጥርስ ያላቸውን የጥንት ወፎች በማስረጃነት ጠቀሰ። ጁን 29 ቀን 1895 በኢስትቦርን አረፈ።

ሐሳቡ ግን ከእርሱ በኋላ ተዳከመ። በ1926 ዴንማርካዊው ጌርሃርድ ሃይልማን ብዙዎቹን ተመሳሳይነቶች ከዘረዘረ በኋላ፣ በወፍ ሹካ መሳዩን አጥንት የሚሠሩት ሁለት የትከሻ አጥንቶች በዳይኖሰሮች የሉም፤ በዝግመተ ለውጥ የጠፋ አካልም ተመልሶ አይመጣም በሚል አዕዋፍን ከዳይኖሰሮች ለየ። በዚህ መንገድ የብዙ አጥንቶች ምስክርነት በአንድ አጥንት አለመታየት ለአሥርተ ዓመታት ተሻረ። አጥንቱ ግን በኋላ በበርካታ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ተገኘ። በ1964 ጆን ኦስትሮም በሞንታና ዳይኖኒከስን አገኘ፤ በ1970ዎቹም የእጅ አንጓውንና ሌሎች አጥንቶቹን ከአርኪዮፕተሪክስ ጋር አነጻጽሮ ዝምድናውን እንደገና አነሣ። በ1996 ደግሞ በቻይና ሊያዎኒንግ ላባ መሰል ልባስ ያለው ሲኖሳውሮፕተሪክስ ይፋ ሆነ። ሀክስሊ ላባ ያለው ዳይኖሰር ሳያይ አርፏል፤ ከዳሌና ከቁርጭምጭሚት ያነበበው ዝምድና ግን በላባውም ተረጋገጠ።